ዐሥራ አራት ዓመት ያለ አንድ ጭረት

«አዎን፣ ጥፋቱ የባለቤቴ ነው። ከኋላ ቆማ ና፣ ና ያለችኝ እሷ ናት።»

ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከማሽኑ መርገጫ ላይ አነሳች። መርፌው ስር የነበረው የአንድ የባንክ ጥበቃ ሰማያዊ ሱሪ ነው፤ እግሩ እንዲያጥር ጠዋት መጥቶ ለማታ የተቀጠረ። ማሽኑ ዝም ሲል የባሏ ድምፅ ከሳሎን ጥርት ብሎ መጣ። ለኢንሹራንሱ ደውሎ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከመስኮቱ እስከ ቁም ሳጥኑ ይንጎራደዳል። ሠላሳ ዓመት ትምህርት ቤት ሲመራ ኖሮ ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ግን ሰፈሩም፣ ልጁም፣ እሷም እስከ ዛሬ «ዳይሬክተሩ» ነው የሚሉት። እሱም ሲናገር አሁንም ሰልፍ ፊት የቆመ ይመስለዋል፤ ለአንድ ሰው የሚነገረው ነገር ለአምስት መቶ ሰው ይበቃል። «መጥታ ትፈርማለች፤ እኔው ራሴ ይዣት እመጣለሁ» ብሎ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አለች በልቧ። እንኳን ከኋላው ልትቆም፣ ዛሬ ጠዋት ግቢውን በእግሯ አልረገጠችውም። መኪናው የደረጃውን ምሰሶ ሲላተም እዚህችው ወንበር ላይ ተቀምጣ ሱሪውን በጠመኔ እያሰመረች ነበር። ደንግጣ ስትወጣ የኋላው መብራት ተሰባብሮ ሲሚንቶው ላይ ተበትኗል፤ ፓራውልቱ በአንድ በኩል ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። ዳይሬክተሩ በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን ብቻ መሬት ላይ አኑሮ «ምነው! ና እያልሽኝ!» አላት። አልመለሰችለትም። ከትናንት ማታ ጀምሮ ለሱ የምትሰጠው ቃል አልነበራትም፤ ዝም አይነቅዝም ብላ ይዛዋለች።

ትናንት ማታ የልጃቸው ባል መጥቶ ነበር። መኪና ሊገዛ ነውና ስለ ኢንሹራንስ ምክር ፈለገ። ዳይሬክተሩ ይቺን ሲሰማ እራቱን ትቶ ተነሳ፤ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አረንጓዴውን ፋይል አውርዶ ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ዐሥራ አራት ናቸው። ኢንሹራንሱ በየዓመቱ «በዚህ ዓመት ካሳ ባለመጠየቅዎ» እያለ የሚልካቸው ናቸው፤ ቅናሹ ከትንሽ ተነስቶ እያደገ እያደገ ግማሽ ደርሷል። ሌላው ሰው ለእንዲህ ዓይነት መኪና በዓመት ሃያ አራት ሺህ ሲከፍል እሱ ዐሥራ ሁለት ሺህ ብቻ ይከፍላል። አማቹ ምሥጢሩን ጠየቀው። «ዐሥራ አራት ዓመት አንድ ጭረት የለም። ዓይን፣ ጆሮ፣ ጥንቃቄ። ሌላ ምንም የለውም» አለ ዳይሬክተሩ። ሌላ ምንም የለውም ሲል እሷ ከጀርባው ሆና ሳህኖቹን እያነሳች ነበር። ሳህኖቹን አነሳች፣ አጠበች፣ ተኛች።

ሌላ ምንም የለውም! ግቢያቸው ጠባብ ነው፤ በአንድ ወገን ደረጃው፣ በሌላው የውሃው በርሜል። ዳይሬክተሩ መኪናውን በጀርባው ካላስገባው እንቅልፍ አይወስደውም፤ ጠዋት ሲወጣ አፍንጫውን ወደ መንገድ አዙሮ መጠበቅ አለበት ይላል። አንገቱ ወደ ኋላ መዞር እምቢ ካለው ደግሞ ዘመን የለውም። ስፖኪዮውንም ፀጉሩን ለማየት ካልሆነ ቀና ብሎ አያየውም። ስለዚህ በሩ ጋ ሲደርስ አንዴ ክላክስ ያደርጋል፤ እሷም የያዘችውን ጥላ ትወጣለች። በመኪናው የኋላ ጥግ እየተራመደች በጣቷ ቀለበት የኋላ ኮፈኑን ትመታዋለች። አንዴ ቋ ሲል «ና» ማለት ነው፤ ቋቋ ብሎ ሲደገም «ቁም»። ዐሥራ አራት ዓመት በዝናብም፣ በፀሐይም፣ አንዳንዴም ስፒል በከንፈሯ ነክሳ ይህንን ስትሠራ ኖራለች። በቀለበቷ የተነሳ ኮፈኑ ጥግ ላይ የሳንቲም ታህል ቀለም ለቋል። ጭረት ከተባለ ያቺ ብቻ ናት።

ዛሬ ጠዋት ዳቦና ጋዜጣ ገዝቶ ሲመለስ ክላክሱ ጮኸ። ሰማች። ዓይንና ጆሮ ያለው ሰው ይግባ ብላ ጠመኔዋን አነሳች። ይደግመዋል፣ ወይም ወርዶ ይጠራኛል ብላ ነበር እንጂ ዝም ብሎ ይመጣል አላለችም። ምሰሶው ሲጮህ ለአንድ አፍታ፣ እግዜር ይቅር ይበላት፣ ደስ አላት። ወዲያው ደግሞ ጠመኔዋን ጥላ ወጣች።

ዳይሬክተሩ አሁን የመስፊያ ክፍሏ በር ላይ ቆሟል። ሁለት እጁን ሱሪው ኪስ ውስጥ ከትቷል።

«ሰምተሻል መሰለኝ» አላት።

«ሰምቻለሁ።»

«ወረቀት እኮ ነው። ወረቀት አይከስሽም፣ አያስርሽም። ጥፋቱ የነጂው ነው ከተባለ ያ ሁሉ ዓመት ገደል ገባ ማለት ነው። የነጂው ካልሆነ ግን ቅናሹን አይነኩትም።»

«እኔ እዚያ አልነበርኩም።»

«በጆሮዬ ሰምቼሽ! ቋ፣ ቋ እያልሽ! ተቆጥተሽብኝ እንደሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ግን አልነበርኩም አትበይኝ።»

ቀና ብላ እጁን አየች። ዳይሬክተሩ ሲዋሽ አገጩን ይዳስሳል፤ ከጋብቻቸው ሰሞን ጀምሮ የምታውቀው ነገር ነው። እጆቹ ግን ከኪሱ አልወጡም። ያም ሆኖ ንዴቷ አልበረደም፤ እንዲያውም ውሸቱን እንኳን በደንብ ለምዶታል ማለት ነው ብላ ባሰባት። በዐሥራ አራቱ ደብዳቤ ላይ ስሟ የለም። በዚያ አረንጓዴ ፋይል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጻፍ አጥፊ ተብላ ልትጻፍ ነው፤ ልጇና አማቿ ነገ ፋይሉ ሲገለጥ ይህንኑ ሊያነቡ ነው። ቢሆንም ጫማዋን አደረገች። ለመፈረም አይደለም። ምን ብለው እንደሚጽፏት በዓይኗ ልታይ ነው።

ግቢ ወጥታ የተንጠለጠለውን ፓራውልት ከቁርጥራጭ ከረጢቷ ባመጣችው ወፍራም የጂንስ ጥብጣብ አስራ አጠበቀችው። ከአጥሩ ማዶ፣ ትናንት ዕቃውን ያስገባው አዲሱ ተከራይ፣ አናጢ ነው ይሉታል፣ የመሥሪያ ክፍሉን ጣራ ቆርቆሮ እያለበሰ ነበር። ምስማር በአፉ ስለያዘ ከጣራው ላይ ሆኖ በእጁ ብቻ ሰላም አላት። እሷም ራሷን ነቀነቀችለት። ዳይሬክተሩ ሞተሩን አስነሳ።

መንገድ ላይ ላሜራ ሠሪው ጋ ቆሙ፤ ኢንሹራንሱ የዋጋ ግምት በጽሑፍ ይፈልጋል። ላሜራ ሠሪው ከአንድ የተጨማደደ ታክሲ ስር ወጣና መኪናዋን ሲያይ ጓንቱን አወለቀ። «ጋሼ! እርስዎም?» አለ። ደብዳቤዎቹን የማያውቅ የለም፤ ዳይሬክተሩ ፍሬን ሸራ ለማስቀየር በመጣ ቁጥር ሲያወራለት ኖሯል። «ከኋላ ያለ ሰው ሲያሳስትህ ምን ታደርገዋለህ» አለ ዳይሬክተሩ ወደ ሰማዩ እያየ። ልብስ ሰፊዋ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ፣ መስኮቷ ተከፍቶ፣ ሁሉን ሰማች። ላሜራ ሠሪው ፓራውልቱን ወዘወዘው፣ መብራቱን ቆጠረ፣ ቀለሙን ጨመረና ሰባት ሺህ አምስት መቶ ብሎ ጻፈ። ከዚያ የጂንስ ጥብጣቡን በጣቱ ሳብ አድርጎ ሞከረውና ሳቀ። «ይቺንስ እትዬ መርፌ ናት ያሰረቻት። እኔ ፈትቼ ከማስራት እንዲሁ ብተዋት ይሻላል» አለ። ሰፈሩ እትዬ መርፌ ነው የሚላት፤ ግማሹ ለሥራዋ፣ ግማሹ ለአፏ። ዛሬ ግን አፏ ተሰፍቷል።

ኢንሹራንሱ ቢሮ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ሰጥተው አስቀመጧቸው፤ ከፊታቸው ዘጠኝ ሰው አለ። የፕላስቲክ ወንበሮቹ እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲነሳ ሁሉም ይነቃነቃል። ቅጽ መሙያው ጠረጴዛ ላይ እስክሪብቶው እንዳይሰረቅ በክር ታስሯል፤ ክሩ ተበጥሶ ተቀጥሏል፣ ቋጠሮውም አላማራትም። ዳይሬክተሩ ቅጹን በዚያ በሚያምረው የእጅ ጽሑፉ ሞላ። በመሃል ዞር ብሎ «ውሃ ላምጣልሽ?» አላት። አልፈልግም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ሁለቱም ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ማየት ጀመሩ። ሠላሳ አራት ዓመት አብሮ የኖረ ሰው አጠገቡ ያለውን ሳያይ እንዴት እንደሚቀመጥ ያውቅበታል።

ተራቸው ሲደርስ አንዲት ለሰላምታ ፈገግታ የማትቆጥብ ወጣት ሠራተኛ ቅጹን ተቀብላ ድምፅ አውጥታ አነበበችው። «አሽከርካሪው በባለቤቱ የተሳሳተ ምልክት ወደ ኋላ ሲንቀሳቀስ ከምሰሶ ጋር ተጋጭቷል። ጥፋቱ የአሽከርካሪው አይደለም።» እስክሪብቶ አቀበለቻት። «እናቴ፣ ከስር እዚች ጋ ይፈርሙልኝ።»

ልብስ ሰፊዋ እስክሪብቶውን ተቀበለች፣ ግን አልፈረመችም። ጠዋት ሙሉ የያዘችው ነገር ሲወጣ ረጋ ብሎ ወጣ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በየዓመቱ ደብዳቤ ትልኩለታላችሁ አይደል? አላጠፋህም እያላችሁ?»

«አዎ፣ የቅናሹን።»

«እስቲ እይልኝ፤ በሱ ላይ እኔ አለሁበት? ምልክት የሰጠችው ሚስቱ ናት የሚል አለው?»

ሠራተኛዋ የምሯን ወደ ኮምፒውተሩ ዞራ አየች። «የለም እናቴ። የደንበኛው ስም ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ዐሥራ አራቱም ላይ ጻፉኝና ዐሥራ አምስተኛውን እፈርማለሁ። ሲያምር የሱ፣ ሲሰበር የኔ የሚባል ነገር የለም።»

ከኋላ ወንበሩ ላይ የነበረ አንድ ሰው ሳቁን ሊይዝ ሲል አሳለው፤ የተያያዙት ወንበሮች ሁሉ ተንቀጠቀጡ። የዳይሬክተሩ ጆሮ ቀላ። ሠራተኛዋም ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ከዋጠች በኋላ ቅጹን ወደሱ አዞረችው።

«አባቴ፣ ይኼ እኮ አያስፈልግም ነበር። ማን ና አለዎት ብለን አንጠይቅም።»

«ጥፋቱ የኔ ካልሆነ ቅናሹ...»

«የጥፋት ጉዳይ አይደለም። ሌላ መኪና ገጭቶዎት የሱ ኢንሹራንስ ቢከፍልልዎት ሌላ ነገር ነው። በገዛ ግቢዎ፣ በገዛ ምሰሶዎ ከሆነ ግን አጥፊው ማንም ይሁን ማን፣ ካሳ ከወሰዱ ቅናሹ ይሄዳል።» ከዚያ ካልኩሌተሯን ስባ አስረዳችው። ከሰባት ሺህ አምስት መቶው የመጀመሪያውን ሦስት ሺህ በውሉ መሠረት ራሱ ይሸፍናል። ኢንሹራንሱ የሚሰጠው አራት ሺህ አምስት መቶ ነው። በሚመጣው ዓመት ግን ዐሥራ ሁለት ሺህ መክፈሉ ቀርቶ ሙሉውን ሃያ አራት ይከፍላል፤ ቅናሹ ደግሞ እንደገና ከታች ጀምሮ በትንሽ በትንሹ ነው የሚመለሰው፣ ግማሽ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። «አባቴ ቢሆኑ ኖሮ ከኪስዎ ያሠሩት እልዎት ነበር። የተፈረመ ነገር የለም፤ ቅጹን ይውሰዱት» አለችው።

ዳይሬክተሩ ቅጹን ተቀብሎ ለሁለት አጠፈው፣ ለአራት አጠፈው፣ የኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ልብስ ሰፊዋ ደስ ይለኛል ብላ ነበር። ደስ አላላትም። ይህ ሰው የሚስቱን ስም አሳልፎ የሰጠው በከንቱ ነው፤ አንዲት ሳንቲም እንኳን ላታተርፍለት ነው የሸጣት። እንባዋ እንዳይታይ ቦርሳዋን ከፍታ የሌለ ነገር ፈለገችበት።

ወደ ቤት ሲመለሱ መኪናው ውስጥ የሚሰማው የጂንሱ ጥብጣብ ጫፍ በነፋስ ሲውለበለብ ብቻ ነበር። ዳይሬክተሩ በመብራቶች ላይ ሲቆም አፉን ይከፍትና አረንጓዴ ሲበራ መልሶ ይዘጋዋል። አንዴ «ልጅቷ ጨዋ ናት» አለ። «ናት» አለች። በዚሁ ሰፈራቸው ደረሱ።

በሩ ክፍት ነበር። ዳይሬክተሩ መንገዱ ላይ መኪናውን አዞረ፣ ቂጡን ወደ ግቢው አስተካከለ፣ የኋላ ማርሽ አስገባ፣ ከዚያም እንደ ልማዱ አንዴ ክላክስ አደረገ። ልብስ ሰፊዋ ከጎኑ እንደተቀመጠች ዞራ አየችው። የሚጠራት እሷን ነው፤ እሷ ደግሞ ክንዷ ክንዱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ከወደ ኋላ ድምፅ መጣ።

ቋ።

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ዳይሬክተሩ ስፖኪዮውን አላየም፣ አንገቱን አላዞረም። ራሱን ትንሽ ዘንበል አድርጎ፣ ዓይኖቹን መሪው ላይ ተክሎ ያዳምጣል። ይህንን ፊቱን አይታው አታውቅም፤ ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ እሷ ከኋላ ነበረች። ልጅ የእናቱን ድምፅ በጨለማ ሲከተል እንዲህ ነው የሚሆነው። ቋ። መኪናው አንድ ክንድ ገባ። ቋ። ሌላ ክንድ።

«ማን ነው ና የሚልህ?» አለችው በቀስታ።

ፍሬኑን ረገጠው። ሁለቱም ወደ ፊት ተወዘወዙ። ዞሮ አያት፤ ከዚያ እጆቿን አየ። ሁለቱም ጉልበቷ ላይ ባለው ቦርሳ ላይ ተደራርበዋል፤ ቀለበቷም ጣቷ ላይ ነው። ከኋላቸው ግን ቋ፣ ቋ ማለቱ አልቆመም። ቀስ ብሎ በመስኮቱ አንገቱን አወጣና ከአጥሩ በላይ የቆርቆሮውን ጣራ፣ የአናጢውን የተጎነበሰ ጀርባና የሚነሳ የሚወድቀውን መዶሻ አየ።

«እሱ ነው» አለ።

«እሱ ነው» አለች።

አልዋሸም ነበር። ጠዋትም ይህንኑ መዶሻ ሰምቷል፤ እሷ መስላው ነው ያን ሁሉ መንገድ ዓይኑን እንደ ጨፈነ ሰው የመጣው። ቋቋ እስክትለው ጠብቆ ቋቋ የሚለው ጠፋ። በሆዷ ውሸታም ስትለው መዋሏ ትንሽ አሳፈራት። ያኛው ጥፋቱ ግን፣ የእራቱ፣ እዚያው እንዳለ ነው፤ እሱም ሳያውቀው አልቀረም፣ ሞተሩን አጥፍቶ ወደሷ ዞረ።

«ትወርጂልኛለሽ?» አላት።

ዐሥራ አራት ዓመት ክላክስ አድርጎላታል፤ ጠይቋት ግን አያውቅም። ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ትታ ወረደች። ወደ ኋላ ዞራ በሁለት እጇ ለአናጢው አንዴ ቆይልኝ ብላ ምልክት ሰጠችው፤ እሱም መዶሻውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ጣራው አናት ላይ ተቀመጠ። ሞተሩ ተነሳ። ልብስ ሰፊዋ ቀለም የለቀቀችውን ቦታ በቀለበቷ አገኘቻት። ቋ። በርሜሉን አለፉ። ቋ። ጠዋት የተፈነከተው ምሰሶ ጋ ደረሱ። ቋ። አንድ ስንዝር ሲቀር ቋቋ። መኪናው እንደተነገረው ቆመ።

«ጋሼ፣ እጅዎን ይባርከው!» አለ አናጢው ከላይ ሆኖ። «ይቺን ግቢ እንዲህ አድርጎ መግባት! ክር በመርፌ ቀዳዳ ነው እኮ ያስገቡት!»

ዳይሬክተሩ ከመኪናው ወርዶ በሩን ዘጋ። ለእንዲህ ዓይነት ምስጋና መልሱ አንድ ነው፤ ልምድ ነው ልጄ፣ ይላል። ልብስ ሰፊዋ ያንን ላለመስማት ወደ ደረጃው መራመድ ጀምራ ነበር።

«እጅ ከተባለ የሷን ነው» አለ ዳይሬክተሩ ከኋላዋ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዐሥራ አራት ዓመት ያስገባችው እሷ ናት።»

ሁለተኛው ደረጃ ላይ ቆመች። ሳትዞር «ምን አልክ?» አለችው። «መዶሻው ረበሸኝ፣ አልሰማሁህም።»

ዳይሬክተሩ ቀና ብሎ አናጢውን አየ። መዶሻው ጭኑ ላይ ተጋድሟል። አናጢውም ግራ ገብቶት መዶሻውን አየ። ግቢው ጭጭ ብሏል፤ የበርሜሉ ቧንቧ ጠብ ሲል እንኳን ይሰማል። ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ኮቱን ቆለፈ፣ ሰልፍ ፊት እንደሚቆም ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ በዚያ ለአምስት መቶ ሰው በሚበቃ ድምፁ፣ አንድም ቃል ሳያጎድል፣ ደገመው። ማዶ ቤት መስኮት ተከፈተ፤ በመንገዱ የሚያልፉ ሁለት ሴቶች ዞረው አዩ።

«አሁን ሰማሁ» አለችና የጥበቃውን ሱሪ ልትጨርስ ገባች።